አንበላም ያሉ ኢሞሪዎች

ቶኩጂ በጡረታ ከባቡር ከወጣ ሦስት ወሩ ነው፤ ባቡሩ ግን ከእሱ አልወጣም። አርባ አንድ ዓመት በተራራው መስመር ነድቷል። ባቡር ነጂ ደግሞ በዓይኑ ብቻ አያምንም። የሚያየውን ሁሉ ነጭ ጓንት ባጠለቀ ጣቱ እየጠቆመ ጮክ ብሎ ይጠራል። «ምልክት፣ አረንጓዴ!» «በር፣ ተዘግቷል!» ይህ ሐዲድ ላይ ነፍስ ያድናል። ቤት ውስጥ ግን ሚስት ያስመርራል።

«ጋዝ፣ ጠፍቷል!» ይላል ገና ሻይ ሳይቀዳ። «ሾርባ፣ ቀዝቅዟል!» ይላል እራት ላይ። ሚስቱ ፉሳኤ መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ ዝም አለች። ማትሱዬ ከተማ የእንግዳ ማረፊያ ያላት እህቷ ኪሚዬ «ነይና አብረን እንኑር» ብላ ስትጽፍላት ግን ደብዳቤውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ አስነበበችው። በማግስቱ ደግሞ ከጎረቤታቸው ከገንዞ የሩዝ ማሳ ኢሞሪ የሚባሉ ሁለት ትንንሽ የውሃ እንስሳት ይዛ መጣች፤ አትክልት በጨው በሚቀመጥበት የብርጭቆ ማሰሮ።

«እነዚህን አረጋጋ» አለችው። «እስኪበሉልህ ጠብቃቸው። ሁለት ሳምንት እሰጥሃለሁ። ሁለት ነፍስ ማረጋጋት ከቻልክ እቀራለሁ። ካልቻልክ ኪሚዬ ጋ እሄዳለሁ።»

ቀልድ መሰለው። ፊቷን ሲያይ ግን ቀልድ እንዳልሆነ ገባው።

ኢሞሪ እንሽላሊት ትመስላለች፤ ኑሮዋ ግን ውሃ ውስጥ ነው። ጀርባዋ ጥቁር፣ ሆዷ በርበሬ የመሰለ ቀይ ነው። ቶኩጂ በልጅነቱ በጅራቷ እያንጠለጠለ ተጫውቶባታል። ይህችን ማብላት ምን ይከብዳል ብሎ የመስታወት ገንዳ ገዛ፤ አሸዋውን እንደ ሩዝ ሦስት ጊዜ አጠበ፤ ገንዳውን ከግድግዳው ሰዓት ሥር አስቀመጠ። ልክ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከአሥር ሲል ጓንቱን አጠለቀና ፊታቸው ቆመ።

«ሙቀት፣ አሥራ ዘጠኝ! ውሃ፣ ንጹሕ! ትል፣ ገብቷል!»

ኢሞሪዎቹ እግራቸውን ዘርግተው ደርቀው ቀሩ። ከሱቅ የመጣው ቀይ ትል አፍንጫቸው ሥር ሰመጠ። ቶኩጂ እስከ ሦስት ሰዓት አፍጥጦ ጠበቀ፤ ከዚያ ትሉን አወጣና ውሃውን ቀየረ። በማግስቱም እንዲሁ፤ በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። ክፉ ልማድ ያሰርቃል ከማድ ይባላል፤ የእሱ ልማድ የሰረቀው ከሌላ ፍጥረት ማድ ነበር፤ እሱ ግን ትጋት አድርጎ ቆጠረው። ከዓይኑ እንዳያመልጡት ብሎ መደበቂያ ድንጋዩን ሁሉ አወጣ። ብርሃኑንም ጨመረ።

በዘጠነኛው ቀን የወገባቸው አጥንት ብቅ አለ። አንደኛዋ ማዕዘኑ ላይ ተለጥፋ መስታወቱን እየቧጠጠች ለመውጣት ትፍጨረጨራለች፤ ትወድቃለች፤ ደግሞ ትጀምራለች። ቶኩጂ መቆሚያ መቀመጫ አጣ። ወደ ጓሮ ይወጣል፤ ይመለሳል፤ ሰዓቱን ያያል፤ ገንዳውን ያያል።

«ይህችም ልትሄድብኝ ነው» አለ ለራሱ። ፈርቶ ነበር። ባቡር ሲነዳ እንኳ እንዲህ ፈርቶ አያውቅም።

በአሥራ አንደኛው ቀን ወደ ገንዞ ማሳ ሄደ። ሽማግሌው ውሃ ውስጥ ጎንበስ ብሎ አረም ይነቅላል።

«ኧረ ሹፌሩ! ባቡር አመለጠህ እንዴ?»

«አልበላ አሉኝ፣ ገንዞ ሳን» አለ ቶኩጂ በአክብሮት።

«ውሃቸውስ?»

«በየቀኑ እቀይራለሁ።»

«መደበቂያስ?»

«እንዳያቸው ብዬ አውጥቼዋለሁ።»

«ጉድ ነው! ስታበላቸውስ ምን ታደርጋለህ? እስቲ አሳየኝ።»

ቶኩጂ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ጣቱን ቀሰረ፤ «ትል፣ ገብቷል!» ብሎ ሲያንባርቅ ማሳው ዳር የቆመች ነጭ ሽመላ ተነሥታ በረረች።

ገንዞ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ወይ መከራቸው! እኔን እራት ላይ እንዲህ ብትጮህብኝ በስንት ምራቅ እውጣለሁ? ስማኝ ቶኩጂ ሳን። ውሃውን ተወው፤ ይርጋ። የተሰበረ የጣሪያ ሸክላ አስገባላቸው፣ ይደበቁበት። መብራቱን አጥፋ። ከዚህ ከጭቃው ትል ውሰድ፤ የሚላወስ ነገር ይወዳሉ። ጣልላቸውና ጀርባህን ስጣቸው።»

«ጀርባዬን ከሰጠሁማ መብላታቸውን በምን አውቃለሁ?»

«አታውቅም» አለ ገንዞ፤ ወደ አረሙ ተመለሰ።

የዚያን ዕለት ምሽት ቶኩጂ ጓንቱን መሳቢያ ውስጥ ጣለው። ሸክላውን አስገባ፤ የገንዳውን መብራት አጠፋ፤ ትሎቹን በቀስታ ለቀቀ። «ገብቷል» የሚለው ቃል ጉሮሮው ድረስ መጥቶ ነበር፤ ዋጠው። ከዚያ ዞሮ ተቀመጠ፤ እጆቹንም እንዳይነሡበት ጭኑ ሥር ከተታቸው። ከኋላው ውሃው ጠብ ያለ መሰለው። አንገቱ ሊዞር ፈለገ። ከገዛ አንገቱ ጋር ሙግት ገጠመ።

በዚያ ቤት ሁልጊዜ የሚቀመጠው ፊቱን ወደ ሰዓቱ አድርጎ ነው። ዛሬ ጀርባውን ሲሰጥ ፊቱ ከወጥ ቤቱ ጋር ገጠመ፤ ፉሳኤን አያት። ምድጃው አጠገብ ቆማ፣ የሩዝ ጎድጓዳዋን አገጯ ሥር ይዛ፣ በጥድፊያ ትጎርሳለች። ሳታላምጥ ትውጣለች። ዓይኗ ሰዓቱ ላይ ነው። እንዳያት ስታውቅ ጎድጓዳዋን ደበቅ አድርጋ አስቀመጠች።

«ምን ፈለግህ? ሻይ ላምጣ?»

«ቆመሽ ነው እንዴ የምትበዪው?»

«ተቀምጬ አውቃለሁ?»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከተጋባን ጀምሮ። አንተ ስትበላ ሾርባው ቀዘቀዘ፣ ሰዓቱ ደረሰ ትላለህ። ስትጨርስ ጠረጴዛው ይነሣ ትላለህ። ድሮ ባቡሩ ነው እያልኩ ቻልኩት። አሁን የምን ባቡር ነው?»

አፈረ። አርባ አንድ ዓመት አንዲት ምልክት ሳታመልጠው ነድቷል። ይቅርታ ሊል አፉን ከፈተ፤ ግን አሁን ቢናገር እንደገና ምግቧን እንደምታቋርጥ ገባው። ተነሣ። የእሷን ሩዝና የእሷን አሣ ጠረጴዛው ላይ አደረገላት፤ መቀመጫዋን ሳበላት። ወደ በረንዳው ወጥቶ ፊቱን ውጭ ለጀመረው ዝናብ፣ ጀርባውን ለቤቱ ሰጥቶ ተቀመጠ።

ብዙ ቆየ። ከዚያ መቀመጫው ላይ ስታርፍ ሰማ።

«ቶኩጂ!» አለች ድንገት። «አንደኛዋ ጎረሰችው! ትሉ ገና አፏ ጫፍ ላይ ነው፤ ኧረ ና እይ!»

አሥራ አንድ ቀን ሙሉ የጠበቀው ይህንን ነው። ጉልበቱ ሊነሣ ተንቀሳቀሰ።

«አንቺ ብዪ» አለ ሳይዞር። «ስትጨርሺ አያለሁ።»

ዝናቡ ጣሪያውን ይመታል። አንድ ነገር ብቻ አላስቀምጥ አለው።

«ለኪሚዬ ምን ልትያት ነው?»

ከውስጥ የማላመጥ ድምፅ ይሰማል፤ ቀስ ያለ፣ የተረጋጋ።

«ስበላ አታናግረኝ» አለች ፉሳኤ።

«እሺ» አለ ቶኩጂ። ትንሽ ቆይቶ የሩዝ ማብሰያው ክዳን ሲከፈት ሰማ። እየጨመረች ነበር።