የማታው ወተት

ወተት እንደ ውሃ ፈስሶ አይሄድም። ትላንት ከታንከሩ ወደ ቦዩ የደፋነው ዛሬም እዚያው ነበር፤ ሣሩ ሥር ቢጫ ሆኖ ረግቷል፣ ዝንብ ሰፍሮበታል። ጠዋት ቢዶናቸውን ይዘው የመጡት አባላት በዚያው በኩል አለፉ። ቦዩን ያዩታል፣ ከዚያ እኔን ያዩኛል።

ታኅሣሥ 2008 ነው። አዲስ አበባን ወደ ገበሬው መሬት የሚያሰፋውን ማስተር ፕላን የተቃወሙ ወጣቶች ከሱሉልታ ወደ እንጦጦ የሚያወጣውን መንገድ በድንጋይ ዘግተውታል። መብራት የለም። የወተት ታንከሩን የሚያቀዘቅዘው ጄኔሬተር የመጨረሻውን ናፍጣ እየጠጣ ነው፣ ማደያው ደግሞ ባዶ ነው። ላሞቹ ግን መንገድ ተዘጋ ብለው አይነጥፉም።

ይህን የወተት ማሰባሰቢያ ማዕከል ከገበሬዎቹ ጋር ያቋቋምኩት እኔ ነኝ። ሰበታ ተወልጄ አደግሁ፤ እናትና አባቴ ከሆሳዕና መጥተው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የገቡ ሰዎች ናቸው። ሆላንድ ሄጄ ስለ ወተት አቅርቦት ተማርኩና ተመለስኩ። ሐሳቤ ቀላል ነበር። ገበሬው ለየብቻው መንገድ ዳር ቆሞ ነጋዴ ከሚጠብቅ፣ ወተቱ አንድ ቦታ ይሰብሰብ፣ ይቀዝቀዝ፣ በአንድ መኪና አዲስ አበባ ፋብሪካ ይግባ። የሚበላሸው ይቀንሳል፣ የሚቃጠለው ነዳጅም ይቀንሳል። ሠርቷልም። መመለሴ ትክክል ነበር ወይ የሚለውን ጥያቄ ለወራት ረስቼው ነበር።

"አካም ቡልተ፣ ሩታ?" አሉኝ ኦቦ ብዙነህ፣ የማኅበሩ ሊቀመንበር። ጋቢያቸውን አጥብቀው ለብሰው በሩ ላይ ቆመዋል።

"ደህና አደሩ፣ ኦቦ ብዙነህ?"

"ምን ደህና አለ። ወተት የሚደፋ ቤት በረከት የለውም እያሉ ነው። ከሰዓት አባላቱ ይሰበሰባሉ። ዛሬም ከደፋን ማኅበሩ አለቀ። መንገዱ ሲከፈት ሁሉም ወደ ነጋዴው ይመለሳል። እኔም ሰውን የምመልስበት አፍ የለኝም።"

"ዛሬ አይደፋም" አልኳቸው። እንዴት እንደማይደፋ ግን ገና አላወቅሁም።

ሹፌራችን ቲቶ አይሱዙው አፍንጫ ላይ ለምለም ቅጠል እያሰረ ነበር። የሶዶ ልጅ ነው፣ ዝም ማለት አይችልም።

"ቅጠሉን ለልጆቹ እንሰቅላለን፣ ወታደር ስናይ እናወርዳለን" አለ። "እህት ሩታ፣ እኔ ወተት ማመላለስ ትቼ ቅጠል አመላላሽ ሆኛለሁ።"

ወደ ዳገቱ ወጣን። ድንጋዩ አጠገብ ከቆሙት ወጣቶች መካከል ማቲን አየሁት፤ የኦቦ ብዙነህ የበኩር ልጅ ነው። ዩኒቨርሲቲው ሲበጠበጥ ትምህርቱን ጥሎ ወደ ቤት ተመልሷል። ወደ መስኮቱ መጣ።

"ወተት ነው" አልኩት።

"አውቃለሁ። ለወተት ከከፈትን ነገ ለሲሚንቶም ክፈቱ ይሉናል። ሲሚንቶው የት እንደሚራገፍ ደግሞ ታውቂያለሽ።"

አውቃለሁ። የአባቱ የግጦሽ መሬት ላይ አምና ሰዎች መጥተው ችካል ተክለው ሄደዋል።

"ማቲ፣ ይበላሻል እኮ። የእናንተው ቤት ወተት ነው።"

ሳቀ። "የእኛ ቤት? እስቲ የማን እንደሆነ እናቴን ጠይቂያት።" ከዚያ የመኪናውን ጎን በመዳፉ መታ አደረገና ለቲቶ የሚዞርበትን ቦታ አሳየው። "ቀስ ብለህ ተመለስ፣ ወንድሜ። ታች ያለው አስፋልት ላይ ጠርሙስ ተሰብሯል።"

ቁልቁል ስንመለስ አንድ ነገር እያብሰለሰልኩ ነበር። ሆላንድ ሳለሁ የሳልኩት መስመር በጣም ያምር ነበር፤ አንድ ታንከር፣ አንድ መኪና፣ አንድ መንገድ፣ አንድ ገዢ። እዚያ አገር መንገድ የሚዘጋው በረዶ ሲጥል ነው፣ እሱንም ወዲያው ይጠርጉታል። እዚህ የስንቱን ቤት ኑሮ በአንድ ክር አንጠልጥዬው ኖሯል። ቢሆንም ተስፋ አልቆረጥኩም። ወተት ወደ ፋብሪካ ካልሄደ የግድ ቦይ ውስጥ ይገባል ያለው ማን ነው?

"ቲቶ፣ ሱሉልታ ውስጥ አሁን የማይጾም ማነው?"

"እኔና አንቺ" አለ። ትንሽ አሰበና "ካምፑ ደግሞ" አለ። "እዚያ ታች ፋብሪካ የሚገነቡት ልጆች። ሁሉም የእኛ አገር ልጆች ናቸው፣ ጴንጤ ናቸው። መንገዱ ከተዘጋ ወዲህ ደረቅ ዳቦ እየበሉ ነው። ትላንት አንዱ፣ አይብ በሕልሜ አየሁ ብሎኛል።"

ከዚህ በላይ አልፈለግሁም። ቅቤ መብራት አይፈልግም፣ ናፍጣም አይፈልግም፤ መንገድ እስኪከፈት በእንስራ ውስጥ ይጠብቃል። የነቢያት ጾም ሲፈታ፣ ለገና ዶሮ የማይፈልገው ቤት የለም። አይቡና አሬራው ደግሞ እንጦጦን ማለፍ አያስፈልጋቸውም፤ ካምፑ ከማዕከሉ በታች፣ በሜዳው መንገድ ነው። በጾም ወራት የወተት ፋብሪካው ራሱ ከወተታችን ግማሹን ብቻ ነበር የሚወስደው።

ከሰዓት አባላቱ በተገለበጡ ቢዶኖች ላይ ተቀመጡ፤ ባሎቹ ከፊት፣ ሚስቶቻቸው ከኋላ ግድግዳውን ተደግፈው። ያሰብኩትን በልበ ሙሉነት ነገርኳቸው። ኦቦ ብዙነህ እስክጨርስ አልጠበቁም።

"በጣም ጥሩ። ሴቶቹ ይናጡ" አሉ።

"ላኪ" የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። አይሆንም ማለት ነው። የተናገሩት ሚስታቸው አዴ ያለምወርቅ ናቸው። "እኔ የሰው ወተት አልንጥም።"

"የሰው?" አሉ ኦቦ ብዙነህ። "እኔ ከመቼ ወዲህ ነው ሰው የሆንኩት? ባልሽ አይደለሁም?"

"ባሌ ነህ። የማኅበሩ ካርድ ላይ የተጻፈው ስም ያንተ፣ ወተቱም ያንተ። አንተው ናጠው።"

ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ የማቲ ነገር ትዝ ብሎኛል።

"አዴ ያለምወርቅ፣ በፊት ወተቱ የማን ነበር?" አልኳቸው።

"የጠዋቱ የቤቱ ነው፤ ይሸጣል፣ ልጅ ይጠጣዋል። የማታው የእኔ ነበር። የእኔም የእሷም የእሷም" አሉ በአገጫቸው ጎረቤቶቻቸውን እያሳዩ። "የማታውን አጠራቅመን ለባለተራዋ እንሰጣለን፣ እሷ በአንዴ ትንጣለች። በሚቀጥለው ተራው የሌላዋ ነው። የወተት እቁብ ነበረን። ጨው የምገዛው፣ ለማቲ ደብተር ስገዛለት የኖርኩት በዚያ ቅቤ ነው፣ ማንንም ሳልለምን። ታንከሩ መጣ፣ የማታውንም አምጡ አለ። እቁቡ ፈረሰ።"

"ለምን አልነገራችሁኝም?"

"አንቺ ስትመጪ፣ የላሟ ባለቤት ማነው ብለሽ ጠየቅሽ። ላሟ የእሱ ናት። ስለ ወተቷ አልጠየቅሽም።"

ኦቦ ብዙነህ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። እኔ ደግሞ የታንከሩን መጠን ስወስን የጠዋቱንና የማታውን ደምሬ እንደነበር አሰብኩ። የማታው ወተት ለእኔ ሥራ ፈቶ የተቀመጠ ወተት ነበር። ለእነሱ ግን ሥራ ነበረው።

"እንዲህ እናድርግ" አልኩ። "ከዛሬ ጀምሮ ታንከሩ የሚቀበለው የጠዋቱን ብቻ ነው። የማታው ወደ እቁቡ ይመለስ። ቅቤውን ማዕከሉ ይሸጥላችኋል፤ የሚረከበው ግን ከሴቶቹ ነው፣ ክፍያውም በየስማቸው ይሆናል።"

"ፋብሪካው ሙሉ ታንከር ነው የሚፈልገው" አሉ ኦቦ ብዙነህ።

"ፋብሪካው ዛሬ እዚህ የለም።"

"ባሎቹስ ምን ይላሉ?"

"እርስዎ አንዱ ነዎት። ምን ይላሉ?"

ወደ ቦዩ ተመለከቱ። ውሻ እየላሰው ነበር።

"አሁን ታንከሩ ውስጥ ያለውስ?" አሉ ቀስ ብለው። "እሱ እኮ ተደባልቋል። የጠዋቱ የትኛው፣ የማታው የትኛው ብለን ልንለየው ነው?"

"እኛ እንለየዋለን" አሉ አዴ ያለምወርቅ። "ሁሉንም ስጡን። ከውሻው አናንስም።"

በዚህ ጊዜ ባሎቹም ሳቁ፤ ኦቦ ብዙነህም እያጉረመረሙ ለድጋፍ እጃቸውን አወጡ። ታንከሩ ሳይመሽ ባዶ ሆነ። ወተቱ በወይራ በታጠነ እንስራ ሁሉ ገባ፤ እንስራ ያልበቃት ጎረቤት ጋ ሄደች። ጄኔሬተሩን ራሴ አጠፋሁት።

ወተቱ እስኪረጋ ጠበቅን። መናጥ ሲጀመር ማንም ያላሰበው ችግር መጣ። የሚንጡት ሁሉ ጿሚዎች ናቸው። ጣቷ ላይ የተንጠባጠበውን እንኳ በቅጠል የምትጠርግ ሴት፣ ቅቤው ይምረር ይጣፍጥ፣ አይቡ ይኮምጥጥ አይኮምጥጥ በምን ታውቃለች? በሌላ ጊዜ የሚቀምሱት ልጆች ናቸው፤ አሁን እነሱም ጾመው ገናን እየጠበቁ ነው። እኔ ለመቅመስ ማንኪያ ሳነሳ አዴ ያለምወርቅ ከእጄ ወሰዱት።

"አንቺ ፈረንጅ አገር የኖርሽ ነሽ፣ ሁሉም ይጣፍጥሻል። ያንን ሹፌር ጥሩት።"

ቲቶ ከቤት ቤት እየዞረ መቅመስ ሆነ ሥራው። ጠግቦ እንኳ እምቢ አላለም።

"ይሄኛው ጭሱ በዝቷል" ይላል በከባድ ፊት። "ይሄኛው ጥሩ ነው። ይሄኛውን እንደገና ልቅመሰው፣ እርግጠኛ አይደለሁም።"

"እርግጠኛ ሳይሆን እንስራው ሊያልቅ ነው" አለች አንዷ። "አንተ ልጅ፣ ጴንጤ መሆንህ ዛሬ ገና ጠቀመን።"

"እህቴ፣ እኔን ከተወለድኩ ጀምሮ ጠቅሞኛል" አላት።

አይቡን በኮባ ቅጠል ጠቅልለን በአህያ ጭነን በሜዳው መንገድ ወደ ካምፑ ወረድን። ሠራተኞቹ በብሎኬት ክምር ላይ ተቀምጠው ነበር። ቲቶ ከሩቅ በአገሩ ቋንቋ ሲጮህላቸው ተነሡ። አንዱ ጥቅሉን ፈትቶ አሸተተውና በጣቱ ቆንጥሮ ቀመሰ። ከዚያ "ነገም ትመጣላችሁ?" አለ። ዓመቱን ሙሉ ከእንጦጦ ማዶ ገዢ ስፈልግ፣ እነዚህ ሰዎች ከማዕከሉ በታች ነበሩ። የአባቴ ዓይነት ሰዎች ናቸው፤ አባቴም ሰበታ የመጀመሪያ ደሞዙን የበላው በአይብ ነው ይባላል።

ገና ሲቃረብ መንገዱ ተከፈተ። የከፈቱት ወታደሮች ናቸው። ማቲ በዚያን ሳምንት ቤቱ አላደረም፤ ሙከጡሪ አጎቱ ዘንድ ነው ይላሉ። አዴ ያለምወርቅ ስለ እሱ ስጠይቃቸው "ደህና ነው" ብቻ አሉኝና ቅቤውን መኪናው ላይ ማስጫናቸውን ቀጠሉ። ችካሎቹ አሁንም ሜዳው ላይ ናቸው። ወሬው ብዙ ነው፣ የሚታመነው ጥቂት።

ቅቤው እንጦጦን ተሻገረ፤ ቲቶ ባዶ መኪና ይዞ ሲመለስ ከሩቅ ጥሩንባ እየነፋ ነበር። በማግስቱ የፋብሪካው ግዥ ኃላፊ ደወለልኝ።

"ጾሙ ሊፈታ ነው። ከሰኞ ጀምሮ ሙሉ ታንከር እንፈልጋለን፣ የጠዋትም የማታም" አለ።

"የጠዋቱን እንልካለን።"

"ግማሽ ታንከር ለመጫን መኪና ማስወጣት አያዋጣም እኮ። አንቺ ይሄን ተምረሻል።"

"ተምሬያለሁ። የተማርኩት ግን መንገድ የማይዘጋበት አገር ነው" አልኩት። "የጠዋቱ በየቀኑ ይመጣል፤ መንገዱ ቢዘጋም ቢከፈትም የማይፈርስ ማኅበር ነው የሚልክልህ። አስብበትና ደውልልኝ።"

ስልኩን ዘጋሁት። ላይደውል ይችላል ብዬ ነበር። ማታውኑ ደወለ፤ የጠዋቱን እንወስዳለን አለ፣ ከቻላችሁ ቅቤም ጨምሩልን።

የገና ዋዜማ ጠዋት አባላቱ ቢዶናቸውን ይዘው መጡ፤ አንድም የቀረ ቤት የለም። ታንከሩ እስከ ወገቡ ሞላ። ሁሉም ከሄዱ በኋላ ኦቦ ብዙነህ ወደ ኋላ ቀሩ። ጉሮሮአቸውን ጠረጉ።

"ሩታ፣ ለነገ ዶሮ… ቅቤ ያስፈልገን ነበር። ያለምወርቅ ግን የእቁቡ ተራዬ ገና ነው ትለኛለች። ያላትን ሁሉ ሸጠች። አንቺን ትሰማሻለች፣ እስቲ አንድ ቃል ብትናገሪልኝ።"

"ኦቦ ብዙነህ፣ ቅቤው የእኔ አይደለም።"

"አውቃለሁ የማን እንደሆነ" አሉ። ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱና ሚስታቸውን ሊጠይቁ ወደ ቤታቸው ሄዱ።