ማርሹን ማን ይቀይር ነበር?

ደሊል ቧንቧው ስር እጁን እየታጠበ ሳለ ከድንኳኑ ሳቅ ፈነዳ።

«ለቅሶ ቤት እንዲህ ይሳቃል?» አለ።

«ሾፌሮቹ ናቸው» አለች እህቱ ዙለይካ፣ ጎረቤት ያመጣውን የሩዝ ድስት ተሸክማ። «ስለ አባባ እያወሩ ነው። ግባና ስማ፤ እዚህ ቆመህ እንግዳ አትምሰል።»

እንግዳስ ሆኗል። ከማሌዥያ የደረሰው ከቀብሩ በኋላ ነው፤ እስካሁን እንባ ጠብ አላለውም። «ትምህርት አደረቀው» ብለው ሴቶቹ ሲያንሾካሹኩ ሰምቷል፤ እውነታቸውን እንዳይሆን ሰግቷል። እሱ የሚያውቀው አባት ቤት ሲገባ ሬዲዮ የሚያስጠፋ፣ ቦሌ ሲሸኘው እንኳ እጁን ጨብጦ «በል ግባ፣ እንዳትዘገይ» ብቻ ያለ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው እንዴት ይለቀሳል?

ገባ። የአባቱ የጃዕፈር የድሮ ረዳት ጋሽ ጠሃ ምንጣፉ ላይ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡት።

«ከዓለም ጤና ሽንኩርት ጭነን» ብለው ወሬያቸውን ቀጠሉ፣ «ቆቃ ድልድይ አፋፍ ላይ ጃዕፈር አይሱዙውን አቆመ። ጎማ የተነፈሰ መስሎኝ ልወርድ ስል፣ ‹ጠሃ፣ ውሃ እፈራለሁ። እጄን ያዘኝ› አይለኝም? ያን ሁሉ ቁመት ይዞ።»

«ታዲያ ማርሹን ማን ይቀይራል?» አለ ሾፌሩ ጫላ።

«እኔ ነኛ። መሪና ፍሪሲዮን እሱ፣ ማርሽ እኔ። ትራፊክ ቢያየን ሁለታችንንም ነበር የሚቀጣን።»

ድንኳኑ በሳቅ ተናወጠ። ደሊልም ሳያስበው ሳቀ።

«እስከዚያን ቀን ድረስ ስድቡን ጠጥቼ ነበር የምውለው» አሉ ጋሽ ጠሃ። «ከዚያ ወዲህ ግን ወንድሜ ሆነ። ፍርሃቱን አምኖ የሰጠኝን ሰው ምን ብዬ ልቀየመው?» ወደ ደሊል ዞሩ። «አንተን ቦሌ ሸኝተን ስንመለስም፣ አዳማ እስክንገባ እጄን አለቀቀም።»

«እዚያ መንገድ ላይ ቆቃ የለም እኮ» አለ ደሊል።

«የለም።»

ደሊል የምንጣፉን ዘርፍ ሲጎነጉን ቆየና፣

«ጋሽ ጠሃ፣ እኔም እፈራለሁ» አለ። «ማልቀስ ከጀመርኩ የማቆም አይመስለኝም።»

ጋሽ ጠሃ ግራ እጃቸውን ዘረጉለት።

«አምጣ እጅህን። ማርሹን እኔ እቀይራለሁ።»

ደሊል እየሳቀ እጁን ሰጣቸው። እንባው ሳቁ መሃል ላይ ደረሰበት፤ እጃቸውን ግን አለቀቀም።