የማነስ ትምህርት

ሐሙስ ያጨበጨቡላት ሰብሊ ሰኞ ጠዋት ስትመጣ በሯ ታሽጎ ጠበቃት።

ሊሻን ከአጠገቧ ካለው ሼድ ሆና ታያት ነበር። ሰብሊ ቁልፏን እንደያዘች በሩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ሁለቴ አነበበችው። ከዚያ መዳፏን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች፤ ትኩሳት የያዘውን ልጇን ግንባር የምትነካ ነው የምትመስለው። ውስጥ የሁለት ሳምንት የማንጎ ማርማላታ ተደርድሯል። ሐሙስ አንገቷ ላይ ያጠለቁላት የአበባ ጉንጉን በመስኮቱ ይታያል፤ ፕላስቲክ ስለሆነ አልጠወለገም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሲቀላ መናኸሪያ ጀርባ ያሉት ስድስት የቆርቆሮ ሼዶች ለአነስተኛ ሠራተኞች የተሠሩ ናቸው። አነስተኛ የነበረው ሲያድግ መካከለኛ ይባላል። መካከለኛ ደግሞ በአነስተኛ ሼድ አይቀመጥም። ስለዚህ ሼዶቹን የሚያስተዳድረው ጽሕፈት ቤት ኮሚቴ በየሦስት ወሩ ይመጣል፤ አንድ ያደገ ሰው ይለያል፣ ያጨበጭባል፣ የምስክር ወረቀት ይሰጣል፣ ያሽጋል። ያደገው ሰው ከከተማው ውጭ ቦታ ይሰጠዋል፦ አራት ችካልና አንድ ታፔላ። መብራቱ «በሂደት ላይ» ነው። ውሃውም ከመብራቱ ጋር እየመጣ ነው። በ2004 ዓ.ም. ያደገው ብሎኬት አምራቹ በርናባስ ችካሎቹ መሃል አንድ ዓመት ሙሉ ተቀመጠና አሁን የሰው ባጃጅ ይነዳል። «ምነው በርኔ፣ ምን ሆንክ?» ሲሉት፣ «አድጌ ነው» ይላል።

ሊሻን የባጃጅ ሸራና የወንበር ልብስ ትሰፋለች። ከሁለት ዓመት በፊት አንዲት የስፌት መኪና ብቻ ይዛ ስትጀምር፣ ጋሼ ሸዋንዳኝ የቦርሳቸውን ዚፕ ሊያሰፉ መጡ። ከጎጃም በወጣትነታቸው ተመድበው መጥተው፣ እዚሁ ጽሕፈት ቤት ሠላሳ ዓመት አገልግለው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ቦርሳውን እየጠበቁ ሥራዋን አዩ።

«ልጄ፣ ሸራው የሚቀደደው ማዕዘኑ ላይ ነው። አንቺ ደግሞ መሃሉን ነው የምታጠብቂው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማክሰኞው ይመጡ ነበር። ማዕዘኑን በድርብ ክር እንድትሰፋ፣ ሸራውን በጥቅል እንድታስመጣ፣ ናሙናውን በእጇ ይዛ ከመዞር አንድ ባጃጅ አልብሳ ለባጃጅ ማኅበሩ እንድታሳይ መከሯት። የመከሯት ሁሉ ሠራ። በሁለት ዓመት ውስጥ አራት መኪናና ሦስት ሠራተኛ አፈራች። ከላንቴ ሙዝ ጭነው የሚመጡት ሳይቀሩ «የሊሻን ሸራ» ብለው ይጠይቁ ጀመር።

ታዲያ ባለፈው ማክሰኞ ጋሼ ሸዋንዳኝ በሩ ላይ ቆመው አራቱ መኪኖች ሲንጫጩ ሰሙና ፊታቸው ተለወጠ።

«ይሄ ድምፅ እስከ መንገዱ ይሰማል» አሉ።

«ይሰማ እንጂ ጋሼ! ምን አለበት?»

የዚያን ቀን ሳይቀመጡ ሄዱ። የሰብሊ በር የታሸገ ዕለት ግን ቀናቸው ሳይሆን መጡ፤ በሩን ከኋላቸው ዘግተው ተቀመጡ።

«የማደጊያውን ቅጽ ያረቀቅሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ሃያ ሰባት ጥያቄ አለው። ያኔ ሰው የምጠቅም መስሎኝ ነበር። ኮሚቴው በየዙሩ አንድ ሰው ካላሳደገ ሪፖርቱ ባዶ ይሆናል። ከስድስታችሁ ሦስቱ ገና ጀማሪዎች ናቸው። የሰብሊ ቦታ የሚገባውም ጀማሪ ነው የሚሆነው። የቀራችሁት አንቺና ኤርጫፎ ናችሁ።»

ኤርጫፎ ሦስተኛው ሼድ ውስጥ አልጋና ቁምሳጥን ይሠራል። ከጨንቻ ደጋ የወረደ፣ እጁ ወርቅ፣ አማርኛው ግን ወንድና ሴት የማይለይ ሰው ነው፤ የኮሚቴውን ሴት ሰብሳቢ ሳይቀር «አንተ» ይላቸዋል። ሊሻን ሼዱን የተረከበች ሰሞን ጣሪያዋ ሲያፈስ ሳትጠይቀው ወጥቶ የደፈነላት እሱ ነው።

«እንንገረዋ» አለች ሊሻን።

«ንገሪው። ሁለታችሁም ትደብቃላችሁ። ኮሚቴው ግን ባዶ እጁን አይመለስም፤ መደበቅ ያቃተውን ይወስዳል። እሱ ከአንቺ የተሻለ ይደብቃል ብለሽ ታስቢያለሽ?»

ሊሻን አሰበች። ኤርጫፎ ምንም ነገር መደበቅ አይችልም፤ ሲያፍር ጆሮው ይቀላል።

«ሰብሊን አይቷል አይደል? እንዴት አልፈራም?»

«ዝግጅት ስላነሳት ነው ብለውታል። አንተ ቀድመህ ተዘጋጅ አሉት፤ እየተዘጋጀ ነው።»

ከዚያ ማስተማር ጀመሩ። ሦስት ወር ሙሉ፣ በየማክሰኞው፣ ማነስን አስተማሯት። ሠራተኞቹ በተለያየ ሰዓት ይግቡ። ያለቀ ሸራ ግድግዳ ላይ አይሰቀል። «ራዕይሽ ምንድን ነው?» ሲሏት መሬት መሬት ትመልከት። ከሁሉም የከበዳት «አልቻልኩም» የሚለውን ቃል ሳትስቅ መናገር ነበር።

«እንደገና በይው» ይሏታል ጋሼ ሸዋንዳኝ።

«አልቻልኩም።»

«አላመንኩሽም። እንደገና።»

ኮሚቴው በመጣበት ሐሙስ ጠዋት ሦስቱ መኪኖች መርፌያቸው ወልቆ አቧራ ተነስንሶባቸው ነበር። አንድ ፒካፕና ሁለት ባጃጅ በሰው ተሞልተው መጡ። ካሜራ አለ፣ ታጥፎ የተያዘ ባነር አለ። የሰብሊ ዓይነት ጉንጉን በላስቲክ ተጠቅልሎ አንዱ ብብት ስር ይታያል።

ሰብሳቢዋ ወይዘሮ በለጥሽ ቀድመው ገቡ፤ ሳቂታ ሴት ናቸው።

«ሊሻንዬ! ስለ አንቺ ያልሰማነው የለም!»

ሊሻን ሳጥኗ ላይ ቁጭ አለች።

«ምን ተሰማ?»

«ጎበዝ ነሽ ይባላል። አራት መኪና ይባላል።»

«ሦስቱ ተበላሽተዋል። መርፌ አጣሁላቸው።»

«ውይ! ሠራተኛስ?»

«አንዷ ናት የቀረችው። እሷም እያመማት።»

ወይዘሮ በለጥሽ ጻፉ። አሥራ አራተኛው ጥያቄ ላይ ሲደርሱ አንድ ባጃጅ በሩ ላይ ሲጢጥ ብሎ ቆመ። ኑሀ ነበር፤ የባጃጅ ማኅበሩ ጸሐፊ፣ ደንበኛ ከተባለ እሱ ነው። ሳይወርድ ጮኸ፦

«ሊሻን! አሥራ ሁለቱ ሸራ አለቀ? ሃያ ደግሞ ልጨምርሽ ነው!»

የወይዘሮ በለጥሽ እስክሪብቶ ቆመ። ካሜራ የያዘው ልጅ ወደ ባጃጁ ዞረ።

አሥራ ሁለቱ ሸራ አልቆ፣ ተጣጥፎ፣ ሊሻን የተቀመጠችበት ሳጥን ውስጥ ነበር።

«አልቻልኩም» አለች ሊሻን። «አልጀመርኩትም። ሌላ ቦታ አሰፋ።»

«ምን?»

«ሌላ ቦታ ሂድ አልኩህ!»

«አንቺ ሴትዮ፣ ትናንት አልቋል ብለሽ በስልክ…»

«ውሸቴን ነው! ሂድ!»

ኑሀ «ድሮም የማይረባ ሰው አምኜ!» ብሎ ባጃጁን አዙሮ ሄደ። ሊሻን አንገቷን ደፋች፤ በዚያች ሰዓት ማስመሰል አላስፈለጋትም።

ወይዘሮ በለጥሽ «የደንበኛ አያያዝ ችግር» ብለው ጻፉና ቅጹን አጣጠፉ። ሲወጡ ትከሻዋን መታ መታ አደረጓት።

«አይዞሽ የኔ ልጅ። አንቺም ታድጊያለሽ።»

ያኔ ነው ላብ ያጠመቃት።

ኤርጫፎ ሙሉ ልብስ ለብሶ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። አልጋዎቹን ደጅ አውጥቶ ወልውሏቸዋል። ሰባት ሠራተኞቹን አሰልፏል። ሃያ ሰባቱንም ጥያቄ እንደ ተማሪ ጮክ እያለ መለሰ፤ ሳይጠየቅ ሁለት ጨመረ። ባነሩ ተዘረጋ። ጉንጉኑ ከላስቲኩ ወጣ። ሲያጠልቁለት እንባው መጣ፤ በእንባው ውስጥ ሊሻንን ፈልጎ አገኛትና በእጁ ጠራት፦

«ሊሻን፣ ና! ና አጨብጭብልኝ!»

ሊሻን ሄዳ አጨበጨበች። ከሁሉም ሰው ትንሽ አስበልጣ አጨበጨበች።

ሰኞ ታሸገበት። ቀድሞ ስለተዘጋጀ ዕቃውን እሁድ አውጥቶ ነበር። ቦታውን አይቶ የተመለሰው ግን ከሰዓት በኋላ ነው፤ ጫማው አፈር ለብሷል። ሊሻን ሼድ ገብቶ ሳጥኑ ላይ ተቀመጠ። አራቱም መኪኖች ይሠሩ ነበር። ትንሽ አዳመጣቸው።

«መርፌው ተገኘ?» አለ።

«ተገኘ።»

«እሰይ።» ጆሮው አልቀላም። «ያ ሽማግሌ… ማክሰኞ ማክሰኞ የሚመጣው። ምን ይልሃል?»

«የእናቴ ዘመድ ናቸው። ሊጠይቁኝ ነው የሚመጡት።»

«ዘመድ ጥሩ ነው» አለ ኤርጫፎ። ተነሳ። በሩ ላይ ደርሶ ቀና ብሎ ጣሪያዋን አየ፤ ድሮ የደፈነውን ቦታ ሳይሆን አይቀርም። «እኔንም ይመክረኝ እንደሆነ ጠይቅልኝ።»

በማግስቱ ጋሼ ሸዋንዳኝ ሲመጡ ጠየቀችለት።

«ለእሱ አሁን ምን እመክረዋለሁ?» አሉ። «የምመክረው እኮ ለቀረው ሰው ነው። የቀረሽው ደግሞ አንቺ ብቻ ነሽ፤ በሚቀጥለው ዙር ከአንቺ ፊት የሚቆም ሰው የለም።»

«እንደገና መርፌውን አወልቃለሁ።»

«ሁለተኛ አያምኑሽም። በለጥሽ በሚቀጥለው መካኒክ ይዛ ነው የምትመጣው። ሁለቱን መኪና ሽጪ።»

«ሁለቱን?»

«የውሸት ማነስ አበቃ ልጄ። አሁን የእውነቱን እነሺ።»

መኪኖቹ ይንጫጫሉ። ከሠራተኞቹ አንዷ ቀና ብላ አየቻቸውና እንደገና ወደ ሸራዋ አቀረቀረች።

«ከዚያ ቀጥሎ ያለው ዙርስ?» አለች ሊሻን።

«ሦስተኛዋን።»

«ከዚያስ ጋሼ?»

ጋሼ ሸዋንዳኝ መነጽራቸውን አውልቀው በሸራ ቅዳጅ ጠረጉት። ልጃቸውን ለመዳር የሚመካከሩ ያህል ደስ ብሏቸው ነበር።

«ከዚያማ ማንም አይነካሽም።»

ሊሻን በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋችው። ተመልሳ ከመኪኖቹ ፊት ቆመች።

«የትኞቹን ሁለት?» አለች።