የኋላው ወንበር

«በይ፣ አንድ፣ ሁለት…» አለ ቀለም ቀቢው፣ የሚስቱን ወገብ በሁለት እጁ ደግፎ። ግራ እግሯን መሬት ላይ ተክላ ቀኙን ወደ ሞተር ሳይክሉ የኋላ ወንበር ልታሻግር ሞከረች። እግሯ አንድ ስንዝር ብድግ ብሎ ተመለሰ። ሦስተኛ ሙከራዋ ነበር። የሞተር ሳይክል መደብሩ ሻጭ አይቶ እንዳላየ ዞር ብሎ ንጹሑን መስተዋት ይወለውል ጀመር።

«ይቅር በቃ፤ ሰው እያየን ነው» አለች።

ከተጋቡ ጀምሮ የሚያልሙት ጉዞ ነበር፦ በሞተር ሳይክል፣ ሁለቱ ብቻ፣ እስከ ባሕሩ ዳርቻ። ልጅ ማሳደጉ፣ የቤት ኪራዩ ሲያዘገያቸው ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ሃያ ሁለት ዓመት አለፈ። ዘንድሮ ልጆቹ ራሳቸውን ሲችሉ እግሮቿ ከዷት። ሐኪሙም «የነርቭ ነው፤ እየባሰ እንጂ እየተሻለ አይሄድም» ከማለት በቀር የጨመረው ነገር የለም።

ሻጩ ከዚህኛው ጎን ወደ ቆመው ሌላ ሞተር ሳይክል ጠቆመ። «ጋሼ፣ የሁለቱም ሞተር አንድ ነው። ይሄ ቱሪንጉ ነው፤ ለረጅም መንገድ የተሠራ። የንፋስ መከላከያ አለው፣ የዕቃ ሳጥን አለው፣ ለኋላ ተሳፋሪም መደገፊያ አለው። ያኛው ሮድስተሩ ነው፤ ይሄ ሁሉ የለበትም፣ ቀላል ነው። ለአንድ ሰው ይስማማል።»

«ለአንድ ሰው» የሚለው ቃል በባልየው ጆሮ ላይ እንደ ጥፊ ጮኸ።

«ቱሪንጉን ነው የምንወስደው» አለ ቀለም ቀቢው። «ወንበሩን ዝቅ አስደርገን፣ መወጣጫ አስበይደንለት…»

«መሰላልም ጨምርበት፤ መቼም አታጣም» አለች ሚስቱ። ሻጩ ሳቀ፤ እሱ አልሳቀም።

የባሏን ክንድ ይዛ በሩ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«ስማኝ» አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ትልቁን ከገዛኸው በራፋችን ላይ ቆሞ ጠዋት ማታ ባዶ ወንበሩን ያሳየኛል። ቀላሉን ውሰድና ባሕሩን አይተህ ና።»

«ያላንቺ ምን ልሠራ?»

«እኔ እንጃ። ስትደርስ ታውቀዋለህ።»

ቀለም ቀቢው ሁለቱን ሞተር ሳይክሎች ተራ በተራ አየ። ግድግዳ ሲሰነጠቅ ይደፍነዋል፣ ሲሻግት ፍቆ ይቀባዋል፤ ለዚህ ግን የሚይዘው የሚጨብጠው አጣ። ትልቁን መግዛት እሷን መዋሸት ነው፤ ትንሹን መግዛት ደግሞ በገዛ አፉ «አበቃ» ማለት።

«ሮድስተሩን» አለ በመጨረሻ፣ ማንንም ሳያይ።

ሻጩ ቅጹን ይዞ መጣ። «የባለንብረቱን መታወቂያ ይስጡኝ፣ ጋሼ።»

ቀለም ቀቢው እጁን ወደ ኪሱ ሰደደና መለሰው። ከዚያ ከሚስቱ ጭን ላይ ቦርሳዋን አንስቶ የእሷን መታወቂያ አወጣ።

«ምን ነካህ? እኔ ለማልወጣበት?»

እሱ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ መለሰላት። መታወቂያውን በጠረጴዛው ላይ ወደ ሻጩ ገፋለት።

«በእሷ ስም ጻፈው» አለ። «ባሕሩ ጋ የሚደርሰው የእሷ ሞተር ሳይክል ነው።»