ቀኝ ይመራል፣ ግራ ይቀበላል

ሰብለ ወንጌል የመጨረሻዋን ፎቶ በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ መስኮቱ ሥር አስቀመጠችና በስልኳ አነሳቻት። አባቷና ጓዶቻቸው ገበታ ከብበው፣ እግረ ዶሮ በእጃቸው ይዘው የሚታዩባት ናት። ሌሎቹ ፎቶዎች ላፕቶፑ ውስጥ ገብተዋል።

አባቷ ቀኝ ጌታ ወልደ ጻድቅ ከሐይቁ ዳር ካለው ደብራቸው በጡረታ የሚሸኙት ዛሬ ከሰዓት ነው። ካህናቱና ምእመናኑ በተሰበሰቡበት አዳራሽ የአገልግሎት ዘመናቸው ግድግዳ ላይ ይታያል፤ ፎቶዎቹን አያይዛ ቪዲዮ የምታደርገው እሷ ናት።

ቀኝ ጌታ በማኅሌት የቀኙን ረድፍ ይመራሉ። የግራውን የሚመሩት ግራ ጌታ ጥዑመ ልሳን ናቸው። ሁለቱ ከተማሪነታቸው ጀምሮ አብረው ቆመዋል፤ የማን ድምፅ እንደሚበልጥ ግን እስከ ዛሬ አልተስማሙም።

«ደህና አድርገሽ ሥሪው» ብለዋት ነበር አባቷ። «ጥዑመ ልሳን ፊት ወንበር ላይ ነው የሚቀመጥ።»

ሰብለ ወንጌል ፎቶ ደርቆ ሲቆም አትወድም። ምስሉ ቀስ እያለ ወደ አንድ ሰው እንዲቀርብ ማድረግ ይቻላል፤ ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ በአንዱ ፎቶ ላይ ይሠራና ለሌሎቹ ኮፒ ይደረጋል። የሠራችበት ፎቶ ባለፈው ጥምቀት ከሴቶቹ መካከል ቆማ ራሷ ያነሳችው ነው። ካህናቱ ከጀርባ ይታያሉ፤ አባቷ በስተቀኝ ጫፍ ናቸው። እንቅስቃሴውን ወደ ቀኝ ወስዳ ነጩ ጥምጣማቸው ላይ አቆመችው። ከዚያ ለሁሉም ኮፒ አደረገች። ቀኝ ጌታ ምንጊዜም የሚቆሙት በቀኝ ነው፤ መፈተሽ አላስፈለጋትም።

«አባባ፣ ይምጡ፣ ይዩት።»

ቀኝ ጌታ ወንበር ስበው ተቀመጡ። እናቷ ወይዘሮ ሙሉነሽ ምስር የሚለቅሙበትን ሰፌድ እንደያዙ ከኋላ ቆሙ።

መጀመሪያ የጥምቀቱ መጣ።

«ትከሻዬ ነው» አሉ ቀኝ ጌታ ደስ ብሏቸው።

ሁለተኛው ፎቶ ከፊት የተነሳ ነበር። ቀስ ብሎ፣ በአክብሮት፣ ወደ ቀኝ ሄደና ግራ ጌታ ጥዑመ ልሳን ላይ ቆመ። ሦስተኛውም እንዲሁ። በአራተኛው ግራ ጌታ እያዛጉ ነበር፤ ምስሉ በዚያው አክብሮት ተጠጋቸው። በአምስተኛው መቋሚያቸውን ተደግፈው እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ወይዘሮ ሙሉነሽ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

«ይህ የማን መሸኛ ነው?» አሉ ቀኝ ጌታ።

«የእርስዎ ነው፣ አባባ።»

«ታዲያ የታለሁ?»

«በቀኝ ይቆማሉ ብዬ…»

«በቀኝማ ቁሜአለሁ! መቼ ከቦታዬ ተነቃንቄ አውቃለሁ?»

ሰብለ ወንጌል ማያውን ጠጋ ብላ አየች። «ፊትዎን ወደ እኛ ሲያዞሩ ቀኝዎ ለእኛ ግራ ነው። ከጀርባ ያነሳሁትን ለሁሉም ሰጠሁት።»

«ሥርዓት የማያውቅ ዕቃ!» ብለው ላፕቶፑን ገላመጡት።

የጥምቀቱን ትታ የሌሎቹን እንቅስቃሴ ወደ ግራ አዞረችው። አሁን ሁሉም ፎቶ ወደ እሳቸው መጣ። ቀኝ ጌታ ጢማቸውን እየዳሰሱ አዩ፤ ጥቂት ቆይተው ግን ግንባራቸው ተቋጠረ።

«አቁሚው። ግራው የት ገባ?»

«ወደ እርስዎ ስንቀርብ እሳቸው ከምስሉ ይወጣሉ።»

«እኔ ብመራ ማን ሊቀበለኝ ነው? ብቻውን የሚዘምር ሰው አስመሰልሽኝ እኮ! ሰው ምን ይላል?»

«ጥዑመ ልሳንስ ምን ይላሉ» አሉ ወይዘሮ ሙሉነሽ።

«አንቺ ምስርሽን ልቀሚ።»

ሰብለ ወንጌል እንደገና ሠራች፤ ከአባቷ ተነስቶ ረድፉን እያለፈ ግራ ጌታ ላይ የሚደርስ። ቀኝ ይመራል፣ ግራ ይቀበላል። ቀኝ ጌታ አይተው ሲጨርሱ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«መድረሻው ሁልጊዜ እሱ ነው እንዴ?»

«እርስዎ ከጀመሩ መድረሻው እሳቸው ናቸው።»

«ሌላ መላ የለውም?»

«እሳቸው ይጀምሩና እርስዎ ላይ ይድረስ?»

«ይቅደመኝ? በዚህ ዕድሜዬ!»

ተነስተው መስኮቱ ዘንድ ቆሙ። ውጭ አንድ ባጃጅ የሰፈራቸው የዘንዘልማ ጭቃ ይዞት ያጓራል። ቀኝ ጌታ የመስኮቱን ጠርዝ በጣታቸው ይመታሉ፤ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ። ድንገት ዞሩ።

«በአንደኛው እኔ እመራለሁ፣ እሱ ይቀበላል። በሁለተኛው እሱ ይመራል፣ እኔ እቀበላለሁ። በሦስተኛው ደግሞ እኔ። እኛም የምንለው እንዲያ ነው! ዕቃሽ ይችላል?»

«ይችላል።»

ሁለቱን እንቅስቃሴዎች እያፈራረቀች ለፎቶዎቹ አደለች፤ ከጀርባ የተነሳችውን ለብቻዋ አስተካከለች። ምስሉ ግራ ጌታ ላይ ሲያርፍ ቀጣዩ ከግራ ጌታ ይነሳል፤ ቀኝ ጌታ ላይ ሲያርፍ ከቀኝ ጌታ። አንዱ የለቀቀውን ሌላው ያነሳዋል። ድምፅ የለውም፤ ቀኝ ጌታ ግን በእግራቸው ምት ጀመሩ።

«ይኸው! አሁን ገና ማኅሌት ሆነ። እኔ እኮ ጨዋታ ነበር የሚመስለኝ ይህ ሥራሽ።»

ሰብለ ወንጌል አቀረቀረች።

የመጨረሻው ፎቶ ከአባቷ ተነሳ፤ ረድፉን አልፎ ግራ ጌታ ላይ አረፈ፤ እዚያው ጨለመ።

የእግሩ ምት ቆመ።

«ያች መሐል ያለችው» አሉ ቀኝ ጌታ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ዶሮ የያዝንባት።»

«እ?»

«አሁን ጾም ነው። በጾም ዶሮ ለምእመን አይታይም። አውጫት።»

«አንድ ከወጣ ተራው ይዞራል እኮ፣ አባባ። መጨረሻው…»

«ይዙር። ለጾሙ ስንል ነው።»

«ለጾሙ ነው፣ ቀኝ ጌታ?» አሉ ወይዘሮ ሙሉነሽ ዓይናቸውን ከሰፌዱ ሳያነሱ።

«ለጾሙ ነው።»

ሰብለ ወንጌል የዶሮዋን ፎቶ አወጣች። ከእሷ በኋላ ላሉት እንቅስቃሴውን በተራ መልሳ አደለች። መጨረሻውን ብቻ ከፍታ አየችው፤ ከግራ ጌታ ተነስቶ፣ ቀስ ብሎ፣ በአክብሮት፣ አባቷ ላይ ደርሶ ጨለመ። ፍላሽ ላይ ጫነችው፤ ፍላሹን ነቅላ ቦርሳዋ ኪስ ውስጥ ከተተች። ላፕቶፑን ዘጋችና ለሰፌዱ ቦታ እንዲሆን ወደ ጠረጴዛው ጥግ ገፋችው።