ጎረቤት ያልሰማው ምጥ

የመጀመሪያ ልጄን የሺዓለምን ስወልድ አንድ ስህተት ሠራሁ፤ ገና ወገቤን ቆረጥ ሲያደርገኝ ለአማቴ ነገርኩ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የሰፈራችን የእሪ በከንቱ ሴት ሁሉ ቤቴ ገባ። ማርያም ማርያም እያሉ በጀርባዬ አስተኙኝና በርቺ፣ አምጪ፣ ግፊ አሉኝ። እኔ ሞኟም ገፋሁ። በሦስተኛው ቀን ጉልበቴ አልቆ ሆስፒታል ተወሰድኩ፤ ሐኪሙ ልጅቷን በብረት ጎትቶ አወጣት። ሁለት ወር ሙሉ ሰው ደግፎኝ ነበር የምነሳው።

ሁለተኛውን ሳረግዝ፣ እንደዚያ ከደገመኝ እንደማልተርፍ አወቅኩ።

ፊደል የቆጠርኩት ባለቤቴ ገነነ ከማተሚያ ቤት በሚያመጣው የተበላሸ ወረቀት ነው፤ አስተማሪ ስላልነበረኝ ያልገባኝን መጠየቅ አላፍርም። በአምስተኛው ወር ሠራተኛ ሰፈር ድረስ ሄጄ አዋላጇን ሲስተር ምብራትን ጠየቅኳት። ልብስ ሰፊ ነኝና ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪና ላይ ተጎንብሼ እንዳልውል፣ በየቀኑ እንድራመድ፣ ወለሉን ተንበርክኬ እንዳጥብ፣ በጎኔ እንድተኛ፣ ምስርና ጎመን እንዳላጎድል ነገረችኝ።

«ዋናው ግን» አለች፣ «ሰውነትሽ ራሱ ግፊ እስኪልሽ አትግፊ። ያን ጊዜም እኔ ሳላይሽ አይሆንም።»

አማቴ ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ የራሳቸው ዝግጅት ነበራቸው። ሆዴን በለጋ ቅቤ ያሹኛል፤ ስምንተኛው ወር ሲገባ ደግሞ ልጁ ሙልጭ ብሎ ይወጣል ብለው ተልባ ያጠጡኝ ጀመር። ጠጣሁ፤ ቢያንስ ለሆድ ድርቀት ረዳኝ። መራመዱን ግን ጠሉት። እርጉዝ በቀትር አትወጣም አሉኝ፤ እኔም በጠዋት ወጣሁ። በየቀኑ ተጨቃጭቀን ነው የምወጣው። በውቤ በረሃ አልፌ፣ የቸርችልን ጎዳና ቁልቁል ወርጄ፣ ዳገቱን ቀስ እያልኩ እመለሳለሁ። አንዲት የቡና ቤት ሴት ደጇን ስትጠርግ ታየኝና፣ እመቤት፣ ዛሬም ፖስታ ልታደርሺ ነው ትለኛለች። ለአንቺ የሚጽፍ ስለሌለ እኮ ነው ሳልቆም የማልፈው እላታለሁ።

አማቴ ምጡ ሲጀምርሽ ወዲያው ንገሪኝ ብለው አስማሉኝ። ማልኩ። ልነግራቸው ግን አላሰብኩም።

ማክሰኞ ጠዋት ግቢው በር ላይ ስደርስ ምጡ ያዘኝ። የግንቡን ድንጋይ ጨብጬ አሳለፍኩትና ተመልሼ ገባሁ፤ ለአማቴ ክር አልቆብኛል፣ ገዝቼ ልምጣ አልኩ። ሦስት ጥቅል ክር መሳቢያዬ ውስጥ ተቀምጧል። አማቴ ቀና ብለው አዩኝና «ሂጂ» አሉኝ።

ሠራተኛ ሰፈር ስደርስ ምብራት መርምራኝ ገና ነው አለች፤ ወዲያ ወዲህ በይ፣ ስድስት ሰዓት ላይ እመጣለሁ። ቤት ገብቼ ቆሜ ልብስ ተኮስኩ። ሲይዘኝ ጠረጴዛውን እደገፋለሁ፣ ሲለቀኝ እተኩሳለሁ። የገረመኝ፣ እሳት ልጫር፣ ወንፊት አውሺኝ እያለች ስትገባ ስትወጣ የምትውል ጎረቤት ሁሉ ያን ቀን ድርሽ አላለችም።

ምብራት በሰዓቷ መጣች። ሳጥኑን ተደግፌ ተንበረከክሁ። መግፋት አማረኝ ስላት አይታኝ «ቆይ» አለችኝ። ቆየሁ። ዳግመኛ አየችኝና «አሁን» አለች። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ልጅቷ አለቀሰች። ብረትም፣ ሐኪምም አላስፈለገም።

አማቴ ልጅቷን ጠቅልለው ሲያቅፉ፣ ምነው ዛሬ ጎረቤቱ ሁሉ የት ሄደ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ጠዋት ግንቡን ይዘሽ ስትቆሚ አይቼሻለሁ» አሉኝ። «አንቺ ስትወጪ በየቤቱ ዞርኩ። የሙሽራ ልብስ ማስረከቢያዋ ደርሶባት ተናዳለች፣ ዛሬ ማንም እንዳይገባባት አልኳቸው።»

«እና ለምን አልነገሩኝም፣ እማማ?»

«አንቺስ ነግረሽኛል?»

ሳቅኩና ልጅቷን ለመቀበል እጄን ዘረጋሁ።

ልጅቷን ደረቴ ላይ አስተኝተው ወደ በሩ ወጡና እልል ማለት ጀመሩ። በእኛ ሰፈር ለሴት ልጅ እልልታው ሦስት፣ ለወንድ ሰባት ነው። ሦስት ስቆጥር ያበቁ መስሎኝ ነበር፤ ትንፋሻቸውን ሳቡና አራተኛውን ቀጠሉ።