የግብ ጠባቂው ቅጽ

ልጄ ግብ ጠባቂ ነው። የቡድን ጓደኞቹ «በርሜል» ይሉታል። ከዋንጫው ጨዋታ በፊት በነበረው ምሽት አንድ ሳጥን ቢራ ብቻውን ጨርሶ፣ በማግስቱ ሁለት ፍጹም ቅጣት ምት አድኗል ይባላል። ይህን ያልሰማ ደጋፊ የለም። እኔም ሰው ሲያወራው ፈገግ ብያለሁ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ጉልበቱ ተጎድቶ ለቀዶ ሕክምና ሆስፒታል ሲገባ፣ ጓደኞቹ አልጋውን ከበው ያንኑ አነሱ።

«ማዘር፣ ልጅሽ እኮ ጉድ ነው!» አለ አምበሉ። «እኛ በሦስተኛው ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ ስንተኛ፣ እሱ ገና ጉሮሮውን እያረጠበ ነበር!»

«ባዶውን ሳጥን ተሸክሞ የመለሰውስ? እሱው ራሱ!» አለ ተከላካዩ።

ልጄም ሳቀ። ብርጭቆ ሲያነሳ ግን እጁ ተንቀጠቀጠና ውሃው አንሶላው ላይ ፈሰሰ። ጠዋት ካልቀመሰ እጁ እንደማይረጋ የማውቀው እኔ ነኝ።

ነርሷ እንዲፈርም የማደንዘዣውን ቅጽ አመጣችለት። ተቀበልኳት። ፊደል ከቆጠርኩ ገና ዓመቴ ነው፤ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። «አልኮል፦ አይጠጣም» ይላል።

«ማነው ይሄን የሞላው?»

«እኔ ነኝ» አለ የቡድኑ ወጌሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ማዘር፣ ቅጹ ክለቡም ጋ ይደርሳል። ውሉ የሚታደሰው በዚህ ወር ነው። ይጠጣል ከተባለ አለቀለት።»

ነርሷን «የሚጠጣ ቢሆንስ?» አልኳት።

«ማወቅ አለብን፣ እናቴ። ከተደበቀን ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችላል።»

ወደ ጓደኞቹ ዞርኩ። «በሉ ንገሯት እንጂ! ያንን ምሽት ንገሯት።»

አምበሉ ስልኩን ማየት ጀመረ።

«እኔ እንኳ ያን ቀን ቀድሜ ተኝቻለሁ» አለ ተከላካዩ። «ደግሞ ወሬ ነው እኮ፣ ማዘር። ለጨዋታ ያህል።»

አገር ያወቀው ወሬ በአንድ ጊዜ ባለቤት አጣ።

«እማ፣ በናትሽ ተይው» አለ ልጄ። እንዲህ ሲለምነኝ እምቢ ብዬው አላውቅም ነበር።

እስክሪብቶውን ከነርሷ ወስጄ «አይጠጣም» የሚለውን ሰረዝኩና ከሥሩ ጻፍኩ፦ «ይጠጣል። በየቀኑ። ጠዋትም።» ፊደሎቹ ተንጋደዋል፤ ግን ይነበባሉ። ልጄ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ቀዶ ሕክምናው ተላልፎ፣ መጀመሪያ ከመጠጡ አላቀቁት። ክለቡ ውሉን አላደሰለትም። አሁን ጉልበቱ ድኗል፤ ቤቴ ግን አይመጣም። እህቱ ጋ ሲደውል ከጎኗ ተቀምጬ አዳምጣለሁ። ምላሱ አይተሳሰርም፤ ቃሉ ጥርት ያለ ነው። የሁሉንም ደኅንነት ይጠይቃታል። እኔን አይጠይቅም።